በተፈጥሮ መካከል የሚሠሩ የጥሞና ጎጆዎች፦ ስለ ንድፋቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በጫካ ዳር፣ በተራራ ወገብ ወይም በሐይቅ አጠገብ ጎጆ ለመሥራት የሚነሡ ሰዎች ዘወትር የሚያነሧቸው ናቸው። ጎጆዎቹ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ከሥራና ከግርግር ተለይተው የሚያርፉባቸው፣ የሚያነቡባቸው፣ የሚጸልዩባቸው ወይም ዝም ብለው የሚቀመጡባቸው ናቸው። መልሶቹን ገና መሬቱን እየዞሩ በሚያዩበት ጊዜ ማንበብ ይመረጣል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ኋላ ለማረም የሚያስቸግሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት የመጀመሪያው ካስማ ሲተከል ነውና።

የጥሞና ጎጆ ከተራ የእንግዳ ማረፊያ በምን ይለያል?

በአማርኛ «ብቸኝነት» ከባድ ቃል ነው፤ ሰው ያጣና ጠያቂ የሌለው ሰው ያለበትን ሁኔታ ያስታውሳል። «ጥሞና» ግን ሰው ወዶና ፈቅዶ ከሌሎች ፈቀቅ የሚልበት፣ ሲበቃውም የሚመለስበት ጊዜ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ምርጫው በማን እጅ እንዳለ ነው። እንግዳው በፈለገ ጊዜ በሩን ዘግቶ ማንም ሳያየው መዋል፣ ባሰኘው ጊዜ ደግሞ ሰው ወዳለበት ሄዶ መቀላቀል ከቻለ፣ ያረፈበት ቤት በእርግጥ የጥሞና ጎጆ ነው። ተራ የእንግዳ ማረፊያ ለመኝታና ለምቾት ይታሰባል፤ የጥሞና ጎጆ ንድፍ ግን ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው ለዚህ ምርጫ ነው። ስለ ርቀት፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ከዚህ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎችም ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ኅብረትና ጥሞና በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው ይሄዳሉን?

ይሄዳሉ፤ ለብዙ ዘመንም አብረው ሲሄዱ ኖረዋል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅና በፍልስጥኤም በረሃዎች ከነበሩት መነኮሳት ብዙዎቹ ሳምንቱን በየበአታቸው ተለያይተው ይቆዩና ቅዳሜና እሑድ ለጸሎትና ለማዕድ ይሰበሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1084 ብሩኖ በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች የመሠረተው የካርቱዚያን ማኅበር ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በግንብ ሠራው። እያንዳንዱ መነኩሴ የራሱ ትንሽ ቤትና በአጥር የተከበበ የአትክልት ቦታ አለው፤ የየቤቱ በር ግን የሚከፈተው ሁሉም ወደሚጋሩት ባለ ጣራ መተላለፊያ ነው።

የዚህ ማኅበር ከሆኑት ገዳማት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1398 በእንግሊዝ ሀገር በዮርክሻየር የተመሠረተው ማውንት ግሬስ ነው፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይጎበኛል። እዚያ በየቤቱ በር አጠገብ ምግብ የሚቀበሉበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ግድግዳውን ቀጥ ብሎ አያልፍም፤ መሃል ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በመሆኑም ምግቡን የሚያኖረውና የሚያነሣው ሰው አይተያዩም። ጎረቤትን ሳያቋርጡ ማገልገል በድንጋይ ሥራ እንኳ ሊታሰብበት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በዚሁ ገዳም እያንዳንዱ ቤት የራሱ የቧንቧ ውሃና በአትክልቱ ጫፍ የራሱ መጸዳጃ እንደ ነበረውም ልብ ይሏል፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ከዘመናችን ደግሞ አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ለራሱ ያሠራት ጎጆ አለች። ወርድና ርዝመቷ 3.66 ሜትር በ3.66 ሜትር ብቻ ነው። ማድ ቤት የላትም፤ ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጋር ተያይዛ ስለ ተሠራች እርሱ የሚመገበው እዚያ ነበር። ለሥራውና ለዕረፍቱ የምትበቃውን ያህል ለብቻው አደረገና የቀረውን ከጎረቤት ጋር ተጋራ።

ምን ምን ነገር በጎጆው ውስጥ ይሁን፣ ምን ምንስ ሁሉም ወደሚጋሩት ቤት ይሂድ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ኅብረቱም ሆነ ለተፈጥሮ የሚደረገው ጥንቃቄ በዚህ በአንዱ ውሳኔ ላይ ይመሠረታሉና። ማድ ቤት፣ ማቀዝቀዣ፣ ብዙ ሙቅ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ትልቅ ምድጃ፣ እነዚህ ሁሉ ክብደት፣ ቧንቧና ኃይል የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው። በ10 ጎጆዎች 10 ጊዜ ከሚደገሙ በአንድ የጋራ ቤት አንድ ጊዜ ቢሠሩ ጎጆው ይቀላል፣ የሚቆፈረው መሬት ያንሳል፣ የሚዘረጋው ቧንቧም ያጥራል። በዚያው ልክ ሰዎቹ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም የትውውቅ መርሐ ግብር ስለ ወጣላቸው ሳይሆን ድስቱ የተጣደው በአንድ ቦታ ስለ ሆነ ነው። ሰው ተዋወቅ ተብሎ በተጠራበት ስብሰባ ከሚግባባው ይልቅ ጎን ለጎን ቆሞ ሰሃን ሲያጥብ የሚግባባው ይበልጣል፤ እጁ ሥራ ስላለው ዝም ቢልም አያፍርም።

ይህ ሐሳብ ግን ድንበር አለው፤ ድንበሩንም ለማግኘት አንድ ፈተና ይበቃል። አንድ እንግዳ ማንንም ሳያይ 24 ሰዓት በጎጆው ሊውልና ሊያድር ይችላልን? ካልቻለ ከጎጆው ከሚገባው በላይ ተወስዶበታል ማለት ነው። ስለዚህ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ የመጠጥ ውሃ፣ ትኩስ ነገር የሚያፈላበት ትንሽ ምድጃ፣ እጅ መታጠቢያና መጸዳጃ በጎጆው ይቅሩ። ገላ መታጠቢያ ለየብቻ የሚዘጉ ክፍሎች እስካሉት ድረስ የጋራ ቢሆን አይጎዳም፤ ዝግጁ ምግብ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በበሩ አጠገብ ክዳን ያለው መደርደሪያ ይሠራለታል፤ ይህ የማውንት ግሬሱ ቀዳዳ የዛሬ ዘመድ ነው።

በመጸዳጃው ጉዳይ ብዙ ባለሙያዎች ከእኔ አይስማሙም፤ ወጪን ለመቀነስ ሲሉ ከጋራው ቤት ጋር ያያይዙታል። እኔ ግን በአንድ ወቅት ያረፍሁበትን ግቢ አልረሳውም። ወደ ጋራው መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ በሁለት ጎጆዎች መስኮት ሥር ያልፍ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዤ ሳልፍ በአንዱ መስኮት መጋረጃው በፍጥነት ሲሳብ አየሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ላለመውጣት ስል ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ትቼ ነበር። በማግስቱ ያ ጎረቤት በማዕድ ላይ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ሁለታችንም ቀና ብለን ለመተያየት ተቸገርን። ጥሞናው ብቻ ሳይሆን ኅብረቱም የተበላሸው በአንድ የመንገድ መስመር ነው።

በጎጆዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ሊሆን ይገባል?

የዓይንን ርቀትና የጆሮን ርቀት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በግልጽ ሜዳ ላይ ከ100 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሰው መሆኑ ይለያል፤ ርቀቱ ወደ 25 ሜትር ሲጠብ የፊቱ ስሜት ጭምር ይነበባል። ይሁን እንጂ ዓይንን መጋረድ ቀላል ነው። አንድ የቁጥቋጦ ረድፍ፣ ትንሽ ጉብታ ወይም የጎጆውን ፊት ከጎረቤቱ ጥቂት ዘወር ማድረግ በ20 ሜትር ላይ ያሉ ሁለት ቤቶችን ፈጽሞ እንዳይተያዩ ያደርጋቸዋል።

ጆሮ እንዲህ አይታለልም። ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ በግልጽ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል የሆነ ተራ ንግግር በ2 ሜትር 54፣ በ4 ሜትር 48፣ በ8 ሜትር 42፣ በ16 ሜትር 36፣ በ32 ሜትር ደግሞ 30 ዴሲቤል ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ጸጥ ካለ ሌሊት ድምፅ ጋር የሚቀራረብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የጎረቤት ወሬ ቃል በቃል እንዳይሰማ ከፈለግን 30 ሜትር ገደማ መነሻችን ይሆናል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ዛፎቹ ድምፁን ይይዙልናል ብለው ይተማመናሉ፤ ቅጠል ግን ዓይንን ይጋርዳል እንጂ ድምፅን እምብዛም አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር፣ ማለትም የአፈር ጉብታ፣ የኮረብታ ጀርባ ወይም ወፍራም ግድግዳ ነው። የሚፈስ ውሃ አጠገብ ያለ ጎጆ ደግሞ ድምፁ ባይቀርለትም በውሃው ሹክሹክታ ይሸፈንለታል።

የጋራው ቤት ከዚህ የተለየ ስሌት ይፈልጋል። አሥር ሰዎች እየተጫወቱ ራት ሲበሉ ድምፃቸው ከሁለት ሰዎች ወሬ በጣም ስለሚበልጥ ቅርብ የሆነው ጎጆ ቢያንስ 60 ሜትር ቢርቅና የመመገቢያው በረንዳ ከጎጆዎቹ ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ ቢከፈት መልካም ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና እንጨት የሚፈለጥበት ቦታ ከጉብታ ጀርባ ይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጎጆዎቹን እኩል አራርቆ መደርደር አልመክርም። ሁለት ሦስቱ ለጋራው ቤት ቀረብ ብለው፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ 150 ሜትር ያህል ርቀው ቢሠሩ፣ ብዙ ጸጥታ የሚፈልግና ብቻውን ማደር የሚያስፈራው ሰው ለየራሳቸው የሚስማማ ቦታ ያገኛሉ።

መንገዶቹ እንዴት ቢዘረጉ ይሻላል?

ከእያንዳንዱ ጎጆ ሁለት መውጫ ይኑር። አንደኛው ወደ ጋራው ቤት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ግን የጋራውን ቤት ሳይነካ ወደ ጫካው ወይም ወደ ዋናው መግቢያ ያደርሳል። ሁልጊዜ በሰው ፊት ካላለፈ በቀር መውጣትና መግባት የማይችል እንግዳ ሰላምታ ራሱ ዕዳ ይሆንበታል። ወደ ጋራው ቤት የሚወስደው መንገድም ከበሩ 15 ወይም 20 ሜትር ቀደም ብሎ ጥቂት ታጥፎ፣ እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢኖርበት፣ የሚመጣው ሰው ማን እንዳለ አይቶ ለመግባት ወይም ለማለፍ መወሰን ይችላል። ማንኛውም መንገድ በመስኮት አጠገብ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ባያልፍ ይመረጣል።

መንገዱ ተዳፋቱን አቋርጦ በአግድም ቢሄድ የዝናብ ውሃ ቦይ አያደርገውም። ጠባብና ግልጽ ሆኖ ቢሠራ ደግሞ ሰዎች ከእርሱ ስለማይወጡ የቀረው አፈር በእግር አይደለደልም። ቢያንስ አንድ ጎጆና የጋራው ቤት በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስባቸው ይሁኑ፤ ለዚህ የሚሆነው ተዳፋት በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ መውጣት የለበትም፤ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ቢሆን ደግሞ ያለ ድካም ይሄዱበታል።

የጎጆው ስፋት፣ መስኮቱና በረንዳው እንዴት ይታሰቡ?

ለአንድ ሰው ከ12 እስከ 16 ካሬ ሜትር፣ ለሁለት ሰው 20 ካሬ ሜትር ገደማ በቂ ነው። የትንሽነቱ ጥቅም በግንባታ ወጪ ብቻ አይወሰንም፤ ለማሞቅም ሆነ ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ሰውንም ወደ ውጭ ይጋብዛል። ትንሽ ክፍል እንዳያፍን ግን ትልቁን መስኮት በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ መስኮት ማንም ወደማያልፍበት አቅጣጫ ይመልከት፤ የታችኛው ጠርዙም የተቀመጠ ሰው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ያለውን መሬት ጭምር እንዲያይ ዝቅ ይበል። ወደ መንገዱ ያለው መስኮት ትንሽና ከዓይን ከፍ ያለ ሆኖ ብርሃንና አየር ብቻ ያስገባ። የመስኮት እይታ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም በጥቂቱ ነው።

ትልቅ መስታወት በጫካ ውስጥ ለወፎች አደጋ መሆኑ አይዘንጋ፤ የሰማይና የዛፍ ነጸብራቅ እያሳታቸው ይጋጩበታል። በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ይህን በእጅጉ ይቀንሱታል፤ ከውስጥ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ አይታወቁትም።

በረንዳ በበኩሉ ሰው ሳይናገር የሚናገርበት ቦታ ነው። በመንገዱ በኩል ባለው በረንዳ የተቀመጠ እንግዳ ለሚያልፈው ሰው «ሰላም ብትለኝ ደስ ይለኛል» እያለ ነው፤ በጀርባ በኩል የተቀመጠው ደግሞ «ዛሬ ተወኝ» ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም እሠራለሁ፤ ገንዘብ ካጠረ የፊተኛውን በአንድ አግዳሚ ወንበር ወስኜ የጀርባውን አሰፋለሁ።

መሬቱንና ዛፎቹን ሳንጎዳ መሠረት መጣል እንዴት ይቻላል?

የዛፍ ሥር አብዛኛው የሚገኘው ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ የግንዱን ውፍረት በ12 ማባዛት ነው፤ በደረት ቁመት ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዛፍ ዙሪያውን እስከ 4.8 ሜትር ድረስ መቆፈር፣ መደልደልም ሆነ አፈር መከመር የለበትም። ዛፉ በተቆረጠ ሥሩ ምክንያት የሚደርቀው ቤቱ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ቤቱን በጥቂት እግሮች ላይ ከፍ አድርጎ ማቆም ከሁሉ ይሻላል። በምድር ውስጥ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ የብረት ካስማ ወይም በጠንካራ መሬት ላይ የተቀመጠ የድንጋይ መሠረት ሰፊ ኮንክሪት ከማፍሰስ ያድናል። የሲሚንቶ ምርት ብቻውን ሰው ወደ ከባቢ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማ እንደሚያመነጭ ስናስብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከወለሉ በታች የዝናብ ውሃም፣ ትናንሽ እንስሳትም እንደ ቀድሞው ያልፋሉ። አንድ ቀን ጎጆው ቢነሣ ካስማው ተፈትቶ ይወጣል።

ከምን ቁሳቁስ ቢሠራ ይሻላል?

ምንጩ የታወቀና በሚገባ የደረቀ እንጨት አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ነው፤ ቤቱ እስከ ቆመ ድረስ ያ ካርቦን በግድግዳው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዘላቂነት ማለት በዋናነት እንጨቱ እንዳይበሰብስ ማድረግ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ፈንገስ አያበሰብሰውም። ወለሉን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ ወጨፎ ግድግዳውን እንዳይመታ የጣራውን ክፈፍ 60 ሴንቲ ሜትር ማስወጣት፣ ከውጭው ሳንቃ ጀርባ አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው፣ እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም የኬሚካል ቅብ ይበልጣሉ። ምስጥ ባለበት ቦታ በእግሩና በወለሉ መካከል የብረት ክዳን ይጨመራል። መጋጠሚያዎቹ በሙጫ ሳይሆን በብሎን ቢታሰሩ የተጎዳውን ክፍል ነጥሎ መቀየር ይቻላል። ለሙቀት መከላከያ የበግ ሱፍ፣ የእንጨት ቃጫ ወይም ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ሴሉሎስ በደንብ ያገለግላሉ።

የዝናብ ውሃ ለግቢው ይበቃልን?

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ 40 ካሬ ሜትር ጣራ 32,000 ሊትር ይቀበላል፤ በመፍሰስና በመትነን የሚጠፋውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 25,600 ሊትር ይቀራል። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብንመድብ 640 የእንግዳ ቀናት ያስተናግዳል ማለት ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት ግን በታንከሩ ላይ ነው። ታንከር የሚለካው በዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ሳይሆን በረጅሙ የደረቅ ወቅት ነው። 10 እንግዶች ለ60 ቀን ያለ ዝናብ ከተቀመጡ 24,000 ሊትር ተጠራቅሞ መጠበቅ አለበት። ይህ ከጎጆዎቹ ይልቅ በሰፊው የጋራ ቤት ጣራ ላይ ቢታሰብ ይቀላል። ከደረቅ ወቅት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ታንከሩ ሳይገባ እንዲፈስ የሚያደርግ ማስቀየሻ ያስፈልጋል፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ተጣርቶ መፍላት ወይም በሌላ መንገድ መታከም አለበት። አሸንዳውን የሚጠርገው ሰው መሰላሉን የሚያቆምበት ደልዳላ ቦታም በንድፉ ላይ ይሳል።

የኮምፖስት መጸዳጃ አይሸትምን?

ይህ ውሃ ሳይፈስበት ዓይነ ምድሩ እንዲበሰብስ የሚደረግበት መጸዳጃ ነው፤ በትክክል ከተሠራ አይሸትም። ሽታው የሚመጣው በዋናነት ሽንትና ዓይነ ምድር ሲቀላቀሉ ነው፤ ስለዚህ ከመቀመጫው ጀምሮ ሁለቱን የሚለያይ ዓይነት መምረጥ ይገባል። አንድ ሰው በዓመት የሚወጣው ዓይነ ምድር 50 ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን ሽንቱ ግን ወደ 500 ሊትር ይጠጋል፤ ከተለያዩ ጠጣሩ ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ አንድ ጭልፋ ሰጋቱራ ይጨመርበታል፤ ዝንብ እንዳይገባ በወንፊት የተሸፈነ የአየር ማስወጫ ቧንቧም ከጣራው በላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ማፍሰሻ ከ6 እስከ 9 ሊትር ውሃ የሚፈጀው መጸዳጃ ስለሚቀር የታንከሩ ስሌት ራሱ ይለወጣል። የተጠራቀመው በሚገባ እስኪበሰብስ በተዘጋ ሥፍራ ከቆየ በኋላ በዛፎች ሥር ይቀበራል፤ ለጓሮ አትክልት ግን አይውልም። መቀበሪያውና ማንኛውም የፍሳሽ ማስረጊያ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ 30 ሜትር ያህል ይራቁ፤ የአካባቢው ሕግ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ሕጉ ይከበር።

የፀሐይ ኃይል ብቻውን ይበቃልን?

ለብርሃን በቀላሉ ይበቃል፤ ለሙቀት ግን አይመረጥም። እያንዳንዳቸው 6 ዋት የሆኑ አምስት የኤልኢዲ መብራቶች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 150 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ግን በ6 ደቂቃ ብቻ 200 ዋት ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጊዜ ውሃ ማፍላት ከአንድ ምሽት ብርሃን ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሙቅ ውሃ በፀሐይ ማሞቂያ፣ ምግብ በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ፣ ብርሃንና ስልክ መሙያ በፀሐይ ሰሌዳ ይሁኑ። ሰሌዳውን በዛፍ ጥላ ሥር ባለ ጎጆ ላይ ሰቅሎ በኋላ ዛፍ መቁረጥ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ትንሽ ጥላ እንኳ የሰሌዳውን ምርት ከሚገመተው በላይ ይቀንሳል። በግልጽ ሜዳ ወይም በጋራው ቤት ጣራ ላይ አንድ ላይ ተሠርቶ በገመድ ቢከፋፈል ይሻላል።

ስለ ማሞቂያና ስለ እሳት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ሙቀት እንዳይወጣ በሚገባ የተሸፈነ ትንሽ ጎጆ በጣም ትንሽ ምድጃ ይበቃዋል፤ ትልቅ ምድጃ እንግዳው መስኮት ከፍቶ እንዲተኛ ያስገድደዋል። ምድጃው ለመንደጃ የሚፈልገውን አየር በራሱ ቧንቧ ከውጭ ይሳብ፤ በየጎጆውም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለውም የተኛን ሰው ነው። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ቁጠባ አይደረግ።

የሰደድ እሳት ባለበት አካባቢ ከግድግዳው ዙሪያ 1.5 ሜትር የሚነድ ነገር፣ የተከመረ ማገዶም ቢሆን፣ አይቀመጥ። ቤቶች የሚያያዙት ብዙ ጊዜ ነፋስ በሚያመጣው ፍም ስለሆነ የአየር ማስገቢያዎቹ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ የብረት ወንፊት ይሸፈኑ። ከግቢው የሚያስወጣው መንገድም አንድ ብቻ እንዳይሆን።

የሌሊት መብራትና ኢንተርኔትስ?

መብራቱ ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ፣ ከጉልበት የማይበልጥና ቢጫ ያለ፣ ማለትም 2,700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ ነጭና ሰማያዊ የሚያመዝንበት ብርሃን ነፍሳትን ከየአቅጣጫው ይስባል፣ ኮከብንም ይሸፍናል። ኢንተርኔት በጋራው ቤት ብቻ ይኑር። ይህ ቅጣት አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል፣ በጎጆው ያለው ግን አይፈተንበትም። ነገር ግን ለአደጋ ጊዜ በእያንዳንዱ ጎጆ ከጋራው ቤት ጋር የሚያገናኝ የጥሪ ደወል ወይም የእጅ ሬዲዮ ግዴታ ነው።

ስንት ጎጆ ቢሆን ነው ኅብረት የሚኖረው?

ከ6 እስከ 12። ከዚያ ካነሰ አንድ ሰው ከማዕድ ሲቀር ይታወቅበታል፤ ከዚያ ከበዛ ደግሞ በማዕድ ላይ ያሉት ስም ለስም አይተዋወቁም።

ሥራው ከየት ይጀመር?

ከመቀመጥ። በቦታው ላይ ቢያንስ በአንድ የዝናብና በአንድ የደረቅ ወቅት ድንኳን ተክሎ ማደር ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የትኛውን ድንጋይ እንደምትነካ ያሳያል። ከዚያ የሁሉም ጎጆዎች ቦታ በካስማና በክር ይለካል፤ ሁለት ሰዎች በአንዱ ካስማ አጠገብ ተቀምጠው እንደ ተለመደው ያወራሉ፤ ሦስተኛው ሰው ከሌላኛው ካስማ ሆኖ የሰማውን ይጽፋል። ቃላት ከጻፈ ካስማው ይነቀላል። የመጀመሪያው ጎጆ ብቻ ተሠርቶ ያሠራው ሰው ራሱ አንድ ሙሉ ሳምንት ይረፍበት፤ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ሥራውን የማያውቅ ሌላ ሰው ይረፍበትና ማታ ማታ የት ተቀምጦ እንደ ዋለ፣ የትኛውን መጋረጃ እንደ ዘጋ፣ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ ይጠየቅ። የሁለተኛው ጎጆ ንድፍ ከዚያ በኋላ ይሳላል።